የጌታሁንን ሳጥን ይዤ ወደ ሐረር

ከባሌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ እንለቅማለን። ጌታሁን ቅርብ ነገር ሲያይ መነጽሩን ያወልቃል፤ አፍንጫው ሰፌዱን ሊነካ እስኪደርስ ሲያጎነብስ ሁልጊዜ ያስቀኛል። እኔ ለቅሜ ከጨረስኩት በኩል ሁለት ጠጠር አወጣና ምንም ሳይል ጣላቸው። «አለፍኳቸው?» አልኩት። «ደክሞሽ ነው» አለኝ። ምስሩን ለሰኞ አስቀመጥነው። ሰኞ ረፋድ ላይ ጌታሁን ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ። ምስሩን ጎረቤት ለለቀስተኛ ሠራችው።

ጌታሁን ሰዎች ዶክተር ይበሉት እንጂ የዓይን ሐኪም አልነበረም። ኦፕቶሜትሪስት ነበር። ልዩነቱን ለዘመድ አዝማድ ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ ይለካል፣ መነጽር ያዛል፣ መነጽር የማይረዳውን ሕመም በጊዜ አውቆ ወደ ሐኪሙ ይልካል። አዳማ ውስጥ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በየዓመቱ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ለሁለት ሳምንት ሐረር እየሄደ በነጻ ይመረምራል። እኔ መምህር ስለሆንኩ በትምህርት ወቅት መሄድ አልችልም። እሱም አንድ ቀን ነይ ብሎኝ አያውቅም።

የመንፈቁን ተዝካር ካወጣሁ በኋላ ስልክ ተደወለ። ወጣት ሴት ናት። ሰሚራ እንደምትባል፣ ሐረር እንደምትኖር፣ እሷም ኦፕቶሜትሪስት እንደሆነች ነገረችኝ። አልቅሳ ስታበቃ፣ «እትዬ፣ ለመናገር አፍሬ ነው የቆየሁት። ጋሽዬ ጡረታ ሲወጡ ሳጥናቸውን ለእኔ እንደሚሰጡኝ ነግረውኝ ነበር» አለችኝ።

ጋሽዬ ማለቷ ከነከነኝ።

ሳጥኑ የእንጨት ነው። ውስጡ ከሁለት መቶ በላይ ክብ ክብ መስታወቶች በጥንድ ተደርድረዋል፤ ከፊሎቹ ያጎላሉ፣ ከፊሎቹ ያሳንሳሉ። መስታወት የሌለው የብረት መነጽርም አለበት። እሱን ሰው አፍንጫ ላይ ያስቀምጥና መስታወቶቹን እየለዋወጠ፣ «እንዲህ ይሻላል ወይስ እንዲህ?» እያለ ይጠይቃል። እሑድ እሑድ መስታወቶቹን አንድ በአንድ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውል ነበር። ልርዳህ ስለው፣ «ተይ፣ ጣትሽ ዘይት አለው» ይለኛል። የእኔን ጣት ያልፈቀደለትን ሳጥን ለአንዲት የሐረር ሴት ቃል ገብቶላት ኖሯል።

ሌላም ነገር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረንዳ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ፣ «እጅሽን ቀስ አድርጊ። አትቸኩይ። እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበርኩ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩትም። ባልጠይቅም አልረሳሁትም።

«ራሴ አመጣዋለሁ» አልኳት ሰሚራን። ልሰጣት ወስኜ አልነበረም። መጀመሪያ ላያት ፈለግኩ። ሳጥኑን ትቼው ልምጣ ወይስ ይዤው ልመለስ፣ እዚያው እወስናለሁ አልኩ።

ረቡዕ፣ መንገድ ላይ

የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት እንደገባ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዳማ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ፈልጎ ነበር። መስታወት ነው ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መተሐራ ስንደርስ ነጋ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ተከምሯል። አዋሽ ላይ አሥር ብርቱካን በመስኮት ገዛሁ፤ ግማሹ ደረቅ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጠጅቱ የምትባል የሐረር ሴት ናት። ከአዲስ አበባ ልብስ እያመጣች ትሸጣለች። አያት ቅድመ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ሚኤሶን እስክናልፍ ሳጥኑን ሰርቃ ስታየው ቆይታ በመጨረሻ አልቻለችም።

«አቦ፣ ምንድነው እንደ ታቦት ያቀፍሽው?»

«የባሌ ዕቃ ነው።»

ጥቁር ልብሴን አየችው። «ነፍሱን ይማረው። ታዲያ ወዴት ትወስጅዋለሽ?»

«ሐረር ላለች ሴት።»

ጠጅቱ ብርቱካኑን መላጥ አቆመች። «ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

«እሱ ግን ያውቃታል።» ጥቂት አሰበች። «እኔ ብሆን ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ በመስኮት ነበር የምለቀው። ደግሞ የሚሰበር ነገር ነው አሉ፤ ጥሩ ነው።»

ባሌ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ዞረው ልብሴንና ሳቄን ሲያዩ አፈርኩ።

አሰበ ተፈሪ ላይ ለምሳ ቆምን። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በጨርጨር ተራሮች ወገብ ላይ ይጠማዘዛል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ቆሟል፤ በእርከኑ ላይ ጫት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ይህንን ሁሉ ጌታሁን በየዓመቱ አይቶታል። ቤት ሲመለስ መንገዱ እንዴት ነበር ስለው፣ «ደህና ነው» ይለኝ ነበር። ስለ መንገዱ፣ ደህና ነው ከማለት በላይ ብዙ የሚባል ነገር ነበረው። ለማን ብሎት ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

ኩሉቢን፣ ሐረማያን፣ የጫት ገበያው የሚጯጯህበትን አወዳይን አልፈን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሐረር ገባን። ከጀጎል ግንብ ውጭ አንድ ፔንሲዮን አረፍኩ። ጠጅቱ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ፣ «የሆነውን ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ» ብላኝ ተለያየን።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሸዋ በር

ሰሚራ በስልክ፣ «ሸዋ በር ላይ ይጠብቁኝ» ብላኛለች። ከፔንሲዮኑ በባጃጅ ሃያ ብር ከፍዬ ሄድኩ። ሚኒባሶቹ ይጣራሉ፤ ሴቶች ቲማቲምና ሽንኩርት መሬት ላይ በየመደቡ ዘርግተዋል። ከበሩ ጎን ሰምቡሳ የሚጠብስ ሰው አለ። ወፍራም መነጽር አድርጓል። እኔን ሳይሆን ሳጥኑን አየና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይቺ ሳጥን የዶክተር ጌታሁን ናት» አለ። «የት አገኙዋት?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«ኢና ሊላሂ... ሰምተናል እኮ። ሰሚራ ነግራናለች። ይቀመጡ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ።» በርጩማውን ለቀቀልኝ። ሳልጠይቀው አራት የምስር ሰምቡሳ በወረቀት ሰጠኝ። «ዶክተር ሁልጊዜ አራት ነው። ሦስት ከሰጠሁት ይቆጣኛል።»

ባሌ እቤት ውስጥ ጥብስ ነገር አይነካም ነበር። ቃር ይይዘኛል እያለ ሃያ ምናምን ዓመት ቅቅል አብልቶኛል። ሰምቡሳውን በላሁት። ጥሩ ነበር። ያም አናደደኝ። ሰውየው ገንዘብ አልቀበልም አለኝ፤ ይልቅ መነጽሩን አውልቆ አሳየኝ። «ይኸው፣ እሱ የሰጠኝ ነው። ከዚያ በፊት ዘይቱ መፍላቱን በጆሮዬ ነበር የማውቀው።»

ሰሚራ መጣች። ሰላሳ ዓመት አይሞላትም። ቡናማ ሻርፕ ለብሳለች፤ ፊቷ ክብ ነው፤ ስትሄድ ትፈጥናለች። ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ መልክ መልክ ነው። እሷ ግን እጄን ይዛ ስታየኝ ጌታሁን ሰው እንደሚያየው አየችኝ፤ መጀመሪያ አንዱን ዓይኔን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ያን አስተያየት የእኔ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው።

በመኪና ግርግር በኩል ገባን። መንገዱ ስሙን ያገኘው በሁለቱም ወገን ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ነው። ሰሚራ አንዱን ባዶ በረንዳ አሳየችኝ። «አባቴ እዚህ ነበር የሚሰፋው። ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተው ሥራውን ሊተው ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ይዤው ወደ ጋሽዬ ሄድኩ። 'የሥራህን ጨርቅ ይዘህ ና' ብለው መለሱን። ጨርቁን አሲዘው፣ ከዓይኑ እስከ እጁ በገመድ ለኩ። ለሚያነብ ሰውና ለሚሰፋ ሰው አንድ ዓይነት መነጽር አይሰጥም አሉ። አባቴ እዚያው ወንበሩ ላይ ክር አስገባ። እኔም ይህ ሥራ የት ነው የሚማሩት ብዬ ጠየቅኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ጎንደር ገባሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ልተወው ነበር። ዓይን ውስጥ ብርሃን እያበራን የምንለካበት መሣሪያ አለ። እጃችንን ስናወዛውዝ ውስጥ ያለው ቀይ ብርሃን ከእጃችን ጋር ይሄዳል ወይም ተቃራኒውን ይሄዳል፤ ከዚያ ነው ቁጥሩን የምናውቀው። ጓደኞቼ ሁሉ ሲያዩት እኔ ሦስት ወር ምንም አላየሁም። ለጋሽዬ ደውዬ አለቀስኩ።»

«እጅሽን ቀስ አድርጊ አለሽ?»

ቆመች። «ነግረውዎታል?»

«ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

ያ የበረንዳው ስልክ ይኸው ነው። ሸክሙ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። የጠረጠርኩት ነገር ቢሆን ኖሮ ስሙ ይታወቃል፤ ሰውም ያዝንልኛል። ይህኛው ግን ስም የለውም። ባሌ ለአንዲት ልጅ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ገልጦላታል፤ እኔ ደግሞ እቤት ደህና ነው የሚለውን እየሰማሁ ኖሬያለሁ።

ረፋድ፣ ጀጎል ውስጥ

ሰሚራ ሐሙስ ሐሙስ የምትመረምርበት ክፍል የሰፈሩ ሴቶች አፎቻ፣ እንደ እኛ ዕድር ያለ ማኅበራቸው ማለት ነው፣ ያዋሳት ነው። ጠባብ ነው። ሰሌዳውን ለማንበብ ስድስት ሜትር ያስፈልጋል፤ ክፍሉ ግን ከሦስት አያልፍም። ስለዚህ ሰሌዳው ከተመርማሪው ጀርባ ተሰቅሎ፣ ፊት ለፊት ካለው መስታወት ላይ ይነበባል። ሰሌዳው ላይ ማበጠሪያ የሚመስሉ ባለ ሦስት ጥርስ ምልክቶች አሉ፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ በየመስመሩ ይወርዳሉ። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል፤ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ።

መጀመሪያ የተቀመጡት እማማ ዘይነባ የሚባሉ ስፌት ሰፊ ናቸው። የጀመሩትን ሞሰብ ከነወስፌው ይዘው መጥተዋል። በሩ ላይ ስድስት ሴቶች ቆመዋል። እማማ ዘይነባ አምስተኛው መስመር ላይ ዝም ሲሉ ከኋላ ሹክሹክታ ተነሣ።

«ታች በይ፣ ታች።»

«ታች» አሉ እማማ ዘይነባ።

«ወላሂ አሁን ሁላችሁንም አስወጣለሁ» አለች ሰሚራ።

«ምን አደረግን? እህታችን ትውደቅ?»

«ያለፈው ሳምንት እኔ ስወድቅ ማንም አልነገረኝም» አለች ሌላዋ።

ሰሚራ ከእማማ ዘይነባ ፊት ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ ይህ ፈተና አይደለም። የሚወድቅበት ሰው የለም። አላየሁም ማለትም መልስ ነው።»

አነጋገሩ የጌታሁን ነው። ቃሉ፣ አረፍተ ነገሩን የምትቆርጥበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ ዝቅ ማድረጉ ሳይቀር። እኔ ግን ይህንን አንድም ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እማማ ዘይነባ ትከሻቸው ወረደ፤ «እንግዲያው ከዚህ በታች አላየሁም» አሉ። ሰሚራ ከዓይናቸው እስከ ሞሰቡ በገመድ ለካች።

እስከ ስድስት ሰዓት አሥራ አራት ሰው አየች። ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳጥኑን ይዤ እመለከታለሁ። ለሦስቱ መነጽር አላዘዘችም፤ ሞራ ነውና ሐኪም ያየው ብላ ጻፈችላቸው። አንዱ ሽማግሌ አንድ ዓይናቸው ዳግም እንደማያይ ስትነግራቸው እጃቸውን ይዛ ነው፤ እስኪናገሩ ድረስ አልለቀቀቻቸውም። «አልሐምዱሊላህ፣ አንዱን ትቶልኛል» አሉ። ባሌ በየቀኑ እንዲህ ሲያደርግ ውሎ እቤት ሲገባ፣ «ዛሬ ሰው በዝቶ ነበር» ይለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ራሴን ለማሳመም ብዬ ጠየቅኳት። «አላየሁም ማለትም መልስ ነው የሚለውን ከማን ተማርሽው?»

«ከጋሽዬ ነዋ» አለች። «በየዓመቱ ለምርመራ ሲመጡ፣ አብረናቸው ለምንሠራ ተማሪዎች የሚነግሩን ታሪክ አላቸው። እሳቸው ገና ሲማሩ፣ ጎረቤት እየመረመሩ ሲለማመዱ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ቆማ ሰሌዳውን በእንጨት እየጠቆመች ታግዛቸው ነበር። ብዙ ቀን ከመጠቆሟ የተነሣ በቃሏ ያዘችው። አንድ ቀን ዝናብ ሲሆን ሰሌዳውን እቤት አስገቡና ክፍሉ ስለጠበበ የቁም ሳጥን መስታወት ተጠቅመው የእሷን ዓይን መረመሩ። ቀኙ ደህና ነው። ግራ ዓይኗ ላይ ግን እስከ ሦስተኛው መስመር መስታወቱ ላይ ያለውን በትክክል አለች። ከአራተኛው ጀምሮ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ትላቸዋለች። ላይና ታች ግን አትስትም።»

ሰሚራ መስታወቱን አሳየችኝ። «መስታወት ግራና ቀኝ ይገለብጣል እኮ። ሴትዮዋ ያጠናችው ግን ግቢው ውስጥ በቀጥታ ያየችውን ነው። የት ቦታ ላይ ማየት አቁማ መዋሸት እንደጀመረች ልክ በመስመሩ ታወቀ።»

እጄ ሳጥኑ ላይ ነበር። አላነሣሁትም።

«ምን አላት?»

«የንስር ዓይን ነው ያለሽ አሏት። በጣም ስለኮራች መናገር አልቻሉም። 'ቀድሜ አላየሁም ማለትም መልስ ነው ብላት አትዋሽም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው' ይሉናል። ስለዚህ ማንንም ከመመርመራችን በፊት ያንን ሳንል አንጀምርም።»

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ጌታሁን ያኔ ያየውን ሰው ሁሉ አንድ ጉድለት ያገኝበታል፤ እናቱ ሞራ፣ ወንድሙ ቅርብ እይታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መነጽር ያስፈልገዋል። እኔ ላይ ምንም እንዳያገኝ ፈለግኩ። የንስር ዓይን ሲለኝ ለዘመድ ሁሉ አወራሁት። ከዚያ ወዲያ ልመርምርሽ ባለኝ ቁጥር፣ ንስር ይመረመራል ወይ እያልኩ አሳልፌዋለሁ። የተማሪ ደብተር ሳርም ግራ ዓይኔን እንደምጨፍን የማያይ መስሎኝ ነበር።

በሐረር ሰው ሁሉ የቀናሁት እሱ ስለ እነርሱ የሚያውቀውን ያህል ስለ እኔ አያውቅም ብዬ ነበር። ያውቅ ነበር። እነሱም ያውቁ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ቅናቱን አላጠፋውም፤ አቅጣጫውን ነው የቀየረው። በየዓመቱ ለተማሪ የተነገረው ታሪክ ለባለቤቱ አንድ ጊዜ ቢነገር ምን ነበረበት?

«መርምሪኝ» አልኳት።

ሳጥኑን ከፈትኩላት። የብረቱን መነጽር አፍንጫዬ ላይ አደረገችና ቀኙን ሸፈነችው። መስታወቱ ላይ የራሴን ጥቁር ልብስ፣ ከጀርባዬም ሰሌዳውን አየሁ። ሦስት መስመር ነገርኳት። አራተኛው ላይ ስደርስ የድሮው ቅደም ተከተል አፌ ላይ መጣ። ሰሌዳው ያው ዓይነት ነው፤ ልለው እችል ነበር።

«አላየሁም» አልኳት።

ሰሚራ መሣሪያዋን ይዛ ቀረበች፤ በመካከላችን ስንዝር አይሞላም። ብርሃኑን ዓይኔ ውስጥ እያወዛወዘች ረጅም ጊዜ አየች። ትንፋሿን እሰማለሁ። ጌታሁንን ስንት ሺህ ሰው እንዲህ ቀርቦት ይሆን?

«እትዬ፣ ይህ ዓይን ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው የደከመው። ሰነፍ ዓይን እንለዋለን። በሕፃንነት ቢታወቅ ይስተካከል ነበር። ካደጉ በኋላ መነጽር ትንሽ ያግዛል እንጂ ሙሉ አያደርገውም። ግን ጋሽዬ...» መሣሪያዋን አወረደች። «ጋሽዬ አላዩዎትም?»

«አይቶኛል» አልኩ።

አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። ግቢ ውስጥ በእንጨት የምትጠቁመው ሴት ማን እንደነበረች ያኔ ገባት። ይቅርታ ልትለኝ ስትጀምር፣ «ሥራሽን ጨርሺ» አልኳት። ጨረሰች። እያንዳንዱን መስታወት በጠርዙ ብቻ ይዛ እየወለወለች ወደየቦታው መለሰች። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ ብላ እንደገና አወጣች። እኔ ሳጥኑን ሰባት ወር ሳስቀምጠው አቧራውን ከላይ ብቻ ነበር የጠረግኩት።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ» አልኳት። ልቤ ሙሉ ሆኖ አይደለም የሰጠኋት። ስሰጣት ቀንቼባት ነበር፤ ዛሬም እቀናባታለሁ።

ዓርብ፣ መመለሻ

ለጠጅቱ ደወልኩላት። ሳጥኑን ሰጠኋት ስላት፣ «ደንገጎን በባዶ እጅሽ ልታልፊው ነው?» አለችኝ። ቀሪውን አልነገርኳትም። ጭኔ ላይ ምንም ስላልነበረ እንቅልፍ ወስዶኝ ሂርና ላይ ነቃሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳማ ገባሁ። ቤቱን ስከፍት የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ለፊት ቆመ፤ ፊቴን ታጥቤ ተኛሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ባሌን ሌላ ሰው ከእኔ በላይ ሊያውቀው እንደሚችል ነው። ለዚያም እኔ ድርሻ እንደነበረኝ። ሌላው የተማርኩት ሰነፍ ዓይን የሚድነው በሕፃንነት መሆኑን ነው።

አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከእረፍት እንደተመለስኩ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስጠራሁ፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አስሸፍኜ ከሰሌዳው ላይ ማስነበብ ጀምሬያለሁ። ያልታያቸውን ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ጽፌ ወደ ሆስፒታል እልካለሁ። እስካሁን አራት ልኬያለሁ።